ያልታሰረ ታንኳ

ዛሬ ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩበት የርጥብ ደንገል ሽታ ሲመጣብኝ፣ በሰናይት የቀናሁት ቅናት እንደ አዲስ አቃጠለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ጎረቤታችን ሰናይት ደግሞ ከድሬዳዋ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። አንድ እሑድ አያቴ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ስንጫወት አገኙንና፣ «የደንገል ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ለምን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል?» ብለው ጠየቁን።

«እንዲደርቅ!» አልሁ ቀድሜ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሰው ሁሉ ይላል።»

ሰናይት ግን «እኔ አላውቅም» አለችና ሄዳ ዳር ላይ የቆመ ታንኳ ርጥብ ደንገሉን በመዳፏ ተጫነችው። ውሃው በክንዷ ወረደ። «የኔታ፣ ውሃ ጠጥቷል! ካልተንጠፈጠፈ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል» አለች።

አያቴ ጋቢያቸውን ገልጠው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እኔ ከምቀመጥበት።

«የግሪክ ጠቢባን፣ ልክ መናገርና ማወቅ ለየቅል ነው ይላሉ» አሉኝ። «ምክንያት ያላሰረው ሐሳብ እንዳልታሰረ ታንኳ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።»

ይኸው አሁን ልጄ የቆመ ታንኳ አይታ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ነው፤ አለዚያ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል» አልኋት፣ እጄን ከነጠላዬ ሳላወጣ።

«በምን አወቅሽ?»

«አያቴ ነግረውኝ» አልኋት፣ የሰናይትን ስም ዘልዬ።