የውዱ ጆግ እጀታ

የበረኪና ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር መሐመድ ሞጌ ሰፈር የነበረው ቤታችንና ኮሮና የገባበት ዓመት አብረው ይመጡብኛል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባዬ አስም ስለነበረበት እማዬ እሱን በውስጠኛው ክፍል ለብቻው አስቀምጣ፣ የበሩን እጀታ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ስልኮቻችንን፣ ከዋሄን ገበያ የገዛችውን ቲማቲም ሳይቀር ስትወለውል ትውል ነበር። «አንድም ነገር እንዳትነኪ!» ትለኛለች፤ ምንም ሳልነካ እንዴት እንደምኖር ግን አልነገረችኝም።

ዝናቡ ሲጀምር አሳለኝ፤ የወቅቱ ጉንፋን ነው ብለን ናቅነው። የእኔ ሥራ ለአባዬ ከሶላት በፊት የሚነጻበትን የውዱ ውሃ ማድረስ ስለነበር፣ በቀን አምስት ጊዜ ከበርሜሉ ቀድቼ፣ ሁላችንም የምንታጠብበትን አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ በሩ ላይ አስቀምጬለት እመለስ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ አባዬ መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ገባ።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ነርሷ ሐሊማ መጥታ፣ ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ በየቀኑ በቀዝቃዛ ውሃ አዲስ በተበጠበጠ በረኪና ተቀብቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል እርጥቡን መቆየት እንዳለበት ለእማዬ አሳየቻት። ለካ እማዬ እየቀባች ወዲያው ታደርቀው ነበር። ቫይረሱ ፕላስቲክና ብረት ላይ ቀናት ሊቆይ እንደሚችል ስትነግረን ዓይኗ ጆጉ ላይ አረፈ።

«ይኼንንስ?»

«እሱማ የውዱ ነው» አለች እማዬ፣ «ንጹሕ ነው።»

ሐሊማ ፊታችንን አይታ «በብዛት እኮ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው» ብትልም፣ እኔ ግን አባቴን በገዛ እጄ የገደልኩት መሰለኝና እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

ነፋሱና አቧራው ሲመጣ አባዬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ጥቂት ከተራመደ ግን ቆሞ ማረፍ ነበረበት። ባረፈ ቁጥር ያ ጆግ ትዝ ይለኝ ነበር። ለማንም ሳልተነፍስ ዓመታት ኖሬ፣ አምና «በጆጉ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ» ብዬ እያለቀስኩ ነገርኩት። አባዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣

«እዚያ ክፍል ብቻዬን ሳለሁ» አለኝ፣ «የእግርሽን ኮቴ ስጠብቅ ነበር የምውለው። ያመጣሽልኝ ውሃ ነው ልጄ። ወላሂ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

በምን እንደያዘው ዛሬም አላውቅም። ያኔ ጆጉን በሩ ላይ አስቀምጬ እሮጥ ነበር፤ አሁን እጀታውን በደንብ አጥቤ እገባና፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ውሃውን እጁ ላይ አፈስለታለሁ።