በወንድ ያስጠራችኝ ሸክላ

ልጅ እያለሁ መርካቶ፣ የሶማሌ ተራ ሰፈር ሰው ሁሉ በወንድ ይጠራኝ ነበር። «ና»፣ «ሂድ»፣ «ምን ፈለግህ» እባላለሁ። ባለሱቁም፣ ተሸካሚውም፣ ከትምህርት ቤት አብረውኝ የሚመለሱት ልጆችም እንደዚያው። ቀሚስ ለብሼ፣ ሹሩባ ተሠርቼ፣ ጆሮዬ ላይ ሎቲ አንጠልጥዬ ሳልፍ «እሱዬ መጣ! እሱዬ መጣ!» ይሉኛል። ስሜ የትምወርቅ ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ይህን የመሰለ ስም ያስጣለኝ አንድ ሰው ነው፤ ያውም በአንዲት ሸክላ ምክንያት። ነገሩን እንዳሻቸው እየለዋወጡ የሚያወሩት ስላሉ፣ እኔም እድሜዬ ሳያልፍ እንደነበረው አድርጌ ላስቀምጠው።

አባቴ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ነበር። ከአባቴ ጋቢ አንስቶ እስከ እኔ ደብተር ድረስ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይላል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ካስነጠሳት ሁሉም ዞረው የሚያዩት እኔን ነው። ሸክላ ማጫወቻ ይቅርና ሬዲዮ እንኳ አልነበረንም። አባቴ ጆሮውን የሚፈልገው ለገበያ ወሬ ብቻ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ነው እንግዲህ የአሜሪካ ሸክላ የገባው።

ያመጣችው አክስቴ በላይነሽ ናት። አስመራ አንድ አሜሪካዊ መኮንን ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። ረጅም ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አታውቅም። ለገና ስትመጣ ሻንጣዋ የሰው አገር ሳሙና ይሸት ነበር። ያን ዓመት ከሻንጣው ሥር በትራስ ልብስ የተጠቀለለች ትንሽ ሸክላ አውጥታ ሰጠችኝ። መሐሏ ላይ መኖር የነበረበት ወረቀት የለም። አክስቴ የጌታዋ ሸክላዎች አቧራ ለብሰው ብታይ፣ ደስ ላሰኛቸው ብላ በሳሙናና በብሩሽ አጥባቸው ኖሯል። የሌሎቹ ወረቀት ሲተርፍ የዚህችኛዋ ከነዘፋኙ ስም ተልጦ ከእጣቢው ጋር ተደፋ። እመቤቲቱ ሳቁ እንጂ አልተቆጧትም፤ «በይ አንቺው ውሰጃት» አሏት።

«ሰውየው ሲዘፍን እጄ ይፈዛል» አለችኝ አክስቴ። «ሸሚዝ እንዳላቃጥል ብዬ ካውያውን አነሳለሁ።» ሰውየው ነው ያለችው፤ ልብ በሉልኝ። ልብስ ስታጥፍም ያንኑ ዘፈን ቀስ ብላ፣ ከጉሮሮዋ ሥር፣ የደከመው ሰው ዳገት እንደሚወጣ አድርጋ ታንጎራጉረው ነበር።

እሷ ወደ አስመራ ስትመለስ እኔ ሸክላዬን ታቅፌ ቀረሁ። የማትሰማ ሸክላ ደግሞ ሰሐን ማለት ናት። ስለዚህ አንድ እሑድ፣ አባቴ ከምሳ በኋላ ሲጋደም ጠብቄ፣ ሶማሌ ተራ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ የነበረው ደርቤ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ያኔ ጋሼ ደርቤ እለው ነበር፤ አሁን ደርቤ ይበቃዋል።

የደርቤ ሱቅ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ገርበብ ይልና ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካኖች ሙዚቃ አፍቃሪዎች መሰብሰቢያ ይሆናል። ቤቱ የቀለጠ እርሳስ፣ የጋለ ሽቦና የቀረፋ ሻይ ይሸታል። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ግድግዳውን ሞልተውታል። ከመሐላቸው ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ሙሽራ በዳንቴል የተሸፈነች ማጫወቻ አለች። ደርቤ ያን ጊዜ ወንደላጤ ነው፤ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ሱሪውን ከታች አስፍቶ፣ ኮፍያውን ወደ ጎን ዘመም አድርጎ የሚሄድ። አጠገቡ የማይጠፋው ጋሼ ሁሴን ነበር፤ ወሎዬ ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቀስ ብሎ ተናግሮ ሰው በሳቅ የሚያፈርስ። ሌሎቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ። ሥራቸው ክርክር ነው። ይኼ ጡሩምባ የነፋው ያኛው ላይ የነፋው ነው፣ አይደለም፤ የኔ ኦሪጅናል ነው፣ ያንተ ቅጂ ነው። ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው፣ ወደ ብርሃኑ አዘንብለው፣ ጭረት እንደ ቅማል ይፈልጉበታል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ማጫወቻዋ ጎን ላይ የፍጥነት መቀየሪያ አለች። ሸክላው ትንሽ ከሆነ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር ላይ ይዞራል፤ ትልቅ ከሆነ ሠላሳ ሦስት ላይ። መርካቶ ሙሉ የሚያውቀው ይህን ነው፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። የኔ ሸክላ ትንሽ ነበረች። ደርቤ አስነጠሰው፣ ጠረጋት፣ አርባ አምስት ላይ አድርጎ መርፌውን አሳረፈባት።

ከሳጥኑ የወጣው ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እየሮጠ የሚዘፍን ድምፅ ነው። ከበሮው ያስጨፍራል። መጨረሻ ላይ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ይቆምና ዘፋኟ ብቻዋን ትስቃለች፤ የታፈነች፣ እንደ ልጃገረድ የምትቆራረጥ ሳቅ።

«ማናት ይቺ!» አለ ደርቤ፤ ኮፍያውን አወለቀ። «ሁሴን፣ ማናት ይቺ?»

«ወላሂ እኔ አላውቃት» አለ ጋሼ ሁሴን። «ግን ያገባች አትመስለኝም።»

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። «ወንድ ነው እኮ» አልኩ። «እሱ ነው የሚዘፍነው። አክስቴ ነግራኛለች።»

መጀመሪያ የሰማኝ የለም። ደግሜ «እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው» ስል ሁሉም ዞሩና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደርቤ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን በርበሬ ደፍኖታል!» አለኝ። እኔ ግን አልተውኩም፤ እሱ ነው፣ እሱ ነው አልኩ። ያኔ ነው ደርቤ ያቺን ስም ያወጣት። «እሺ እሱዬ! በል አሁን ሂድ፣ አባትህ እንዳይፈልግህ» አለኝ፤ በወንድ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ከሱቁ ደጅ ብይ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች ሰሙ። ሳምንት ሳይሞላው ስሜ መርካቶ ውስጥ ተሸጦ አለቀ።

ሸክላዬንስ? «ልጅ እጅ ላይ ትጫራለች፤ እኔ ጋ ትቀመጥ» ብሎ አስቀራት። በነጋታው ስሄድ ነገ ና አለኝ፤ በሌላው እሑድ ስሄድም ነገ ና። ለእናቴ እንዳልነግር ሱቁ መሄዴን ትሰማለች፤ ለአባቴ እንዳልነግር ሸክላ ምንድን ነው ይለኛል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ ደርቤ ለማያውቀው እንግዳ ሁሉ «አስመራ ካለ ወዳጄ ያስመጣኋት» እያለ ማሳየቱ ነው። አንድ ጊዜ ጋሼ ሁሴን ሸክላዋን አንስቶ አሸተታትና «ወዳጅህ በርበሬ ይነግዳል እንዴ?» አለው። ደርቤ የማጫወቻዋን ዳንቴል ማስተካከል ያዘ።

ዘፋኟን «እሜቴ» ብለው ሰየሟት። እንዳፈቀሯት ብነግራችሁ አታምኑኝም። እሑድ በመጣ ቁጥር አንዱ ረጅም ናት ይላል፣ ሌላው አጭር። አንዱ ከአሜሪካ ደቡብ፣ ከገጠሩ ናት ይላል፣ ሌላው ከከተማ። ደርቤ ጥቂት እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ ይተረጉምላቸው ነበር፤ «ዳንስ ውሰደኝ ነው የምትለው» ይላቸዋል። ከዚያ እየተነሱ፣ እነዚያ የተከበሩ ነጋዴዎች፣ በሬዲዮኖቹ መሐል ወገባቸውን ይሰብቃሉ። ደርቤማ እናቱ ያጩለትን ልጅ «እንደዚች የምትስቅ ካልሆነች አላገባም» ብሎ መለሰ አሉ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳቅዋን እሰማና ጥርሴን እነክሳለሁ።

ለፋሲካ አክስቴ በላይነሽ መጣች። በመጣች በማግስቱ ውሃ ቅጂ ተብዬ ስወጣ፣ የጎረቤት ልጆች «እሱዬ፣ ወዴት ትሄዳለህ?» ሲሉኝ ሰማች። ጠራችኝ። «ምን ነው ያሉሽ?» አለች። ነገርኳት፤ ሁሉንም፤ እያለቀስኩ። አክስቴ ነጠላዋን ፈታችና እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ይህን ስታደርግ ሰው መንገድ እንደሚለቅ አውቃለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ ደርቤ ሱቅ ገባች። እሜቴ እየተጫወተች ነበር፤ ሦስት አራቱ ቆመው ይደንሳሉ። አክስቴ ግራ ተጋብታ ትንሽ አዳመጠች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ በዚያ ድምፅዋ፣ «ምነው ሰውየውን እንዲህ አስቸኮላችሁት? ባቡር ሊያመልጠው ነው?» አለች።

ደናሾቹ ቆሙ። «እትዬ፣ ሰውዬ አይደለም፣ ሴት ናት» አለ ደርቤ ፈገግ ብሎ።

«ወግድ! እኔ ስተኩስ ስንት ጊዜ የሰማሁትን ነው የምትነግረኝ? እንዲህ አይሮጥም። ይጎተታል እንጂ።»

«ሸክላዋ ትንሽ ናት እኮ እትዬ፣ ትንሽ ደግሞ…»

ቀጥሎ የሚለውን አውቀዋለሁ። ይጎተታል የሚለው የአክስቴ ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። እሷ በላይ በላዩ ስትናገረው እኔ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩና፣ ሸክላዋ እየዞረች ሳለች፣ መቀየሪያዋን ከአርባ አምስት ወደ ሠላሳ ሦስት አወረድኳት። የከለከለኝ የለም፤ እኔን የሚያይ ማን ነበር?

ድምፁ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወረደ። ወረደ፣ ወረደና ወንድ ሆነ። ወፍራም፣ የበሰለ፣ እድሜ ያለው ወንድ። መጀመሪያ የተናገረው ጋሼ ሁሴን ነው። «አይ ደርቤ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እጮኛህ ጢም አበቀለችብህ።»

እኔ እንኳ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሰው ጠረጴዛ ይዞ ሳቀ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ያልሳቁት ደርቤና አክስቴ ብቻ ናቸው። አክስቴ መዳፏን ወደ ላይ አንስታ «ቆይ፣ ስሙት» አለች። ዘፈኑ ወደ ማለቁ ነበር። ሙዚቃው ቆመ። ያቺ ሁሉም የወደዷት ሳቅ መጣች። ሳቅ አልነበረችም። ሰውየው እያለቀሰ ነበር። ልቅሶውን ውጦ ውጦ የማይሆንለት ትልቅ ሰው እንደሚያለቅሰው ነው፣ እየተቆራረጠ።

«ሚስቱ ሞታበት ነው» አለች አክስቴ። «እመቤቴ ነግረውኛል።»

መርፌው ባዶውን ይጭር ጀመር፤ ያነሳው የለም። ስንት እሑድ ሙሉ ሲጨፍሩበት የኖሩት የሰው ልቅሶ ነበር። አንዱ ሻዩን አስቀመጠ፤ አንዱ ሹልክ ብሎ ወጣ። ጋሼ ሁሴን ከወንበሩ ተነሳና አቧራውን በክንዱ ጠረገው። «የትምወርቅ፣ ነይ እስቲ እዚህ ቁጭ በይ» አለኝ። ከገና ወዲህ ስሜን ከቤታችን ውጭ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት አልደረሰም።

ደርቤ ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሸክላዋን አንስቶ፣ ጠርጎ፣ ወደ እኔ ሳያይ ዘረጋልኝና «እንቺ» አለ። እንካ አላለም፤ እንቺ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ በወንድ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እሱ ሲተወው ልጆቹም ቀስ በቀስ ተዉት። ይህን አልክድበትም። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው «ፍጥነቱን በጆሮዬ ጠርጥሬ ያገኘሁት እኔ ነኝ» እያለ ማውራት ጀመረ፤ እስካሁንም ያወራል። መቀየሪያዋን ያወረደችው የኔ እጅ ናት። ይኸው ተጻፈ።

ዛሬ እነዚያ የሶል አፍቃሪዎች ቁጥራቸው ሳስቷል። ጋሼ ሁሴን አላህ ይማረውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ጀማል ቤት እንሰበሰባለን። እኔ በሌላ ሰው ተጋብዤ አይደለም የምሄደው፤ ቦታ አለኝ። ክርክሩ ያው ነው፤ መነጽርና የደም ግፊት ክኒን ብቻ ተጨምሮበታል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ወደ ሙዚቃው ያስጠጉና የማንኛውንም ዘፋኝ ስም በአንድ ትንፋሽ ይነግሩናል። የኛን ሰውዬ ግን ስልኩም አላወቀውም። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። የሚያከራክረን አናጣም።

አሁን ሁሉም ያከብረኛል። «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «ምን ላምጣልዎ» እባላለሁ። መልካም ነው፤ ለዚህ ክብር ብዙ ዘመን ጠብቄያለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እርስዎ የሚሉት ሰው ወንድም አይደለም፣ ሴትም አይደለም። በዚያ ቤት «አንቺ» የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ባለፈው ቅዳሜ በሩን የከፈተልኝ እሱ፣ ደርቤ ነበር፤ ከዘራውን ተደግፎ፣ ጆሮው ላይ መስሚያ ሰክቶ። ፊቴን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«አንቺ ነሽ? ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው» አለኝ። ሸክላዋን ልያዝልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ።

ገባሁ። ሸክላዬን ግን ራሴው ያዝኳት።