የተጠራው መኪና

ወንድሜ ያንን መኪና የገዛው ከውትድርና ወጥቶ እዚሁ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ባሕር ዳርቻው ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ያገለገለ ነበር። ትንሽ ቢሆንም የቅንጦት ከሚባሉት ነው፤ ወንበሩ ቆዳ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ወፍራም። እናታችን እንዳትፈራ ብሎ፣ «እማ፣ በግጭት ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘ ነው» አላት።

«ኮከቡን ማን ቆጠረለት?» አለችው። ጎንደር የምታውቀው ዓይነት ኮከብ ቆጣሪ መስሏት ነው።

«ከግድግዳ ጋር አጋጭተው ነው የሚቆጥሩት።»

«ደህናውን መኪና? ጥጋብ!»

በክረምት፣ ኤቨን የሁዳ ከምትባለው ከተማ ሲመለስ፣ በዝናብ ከመንገድ ወጣ። ሌላ መኪና አልነበረም። ሞተ። ከዚህ በላይ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሺቫ፣ የሰባት ቀኑን ሐዘን፣ ተቀምጠን ሳለ አጎቴ በር አጠገብ ቆሞ ለአንድ ለቀስተኛ፣ «ይበር ነበር እኮ» ሲል ሰማሁት። እናቴም ሰማች። ሰዎቹ ሲሄዱ፣ «እውነት ልጄ ራሱን በራሱ ነው? ወይስ መኪናው ነው የገደለው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም።

የታርጋውን ቁጥር ስልኬ ላይ አስገብቼ ፈለግሁ። ኮከቦቹ አሉ። ከሥራቸው ደግሞ ፋብሪካው በኤርባጉ ምክንያት መኪኖቹን መልሶ እንደጠራ ተጽፏል። ግራ ገባኝ። አምስት ኮከብ ያለው ነገር እንዴት ጉድለት ይገኝበታል? ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል። ግን ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ጥፋተኛ አገኘሁ ብዬ።

ዕብራይስጡ «ክሪአት ሼሩት» ነው የሚለው። ክሪአ ጥሪ፣ ሼሩት አገልግሎት ነው። በአማርኛ ሌላ ቃል አጣሁና፣ «እማ፣ መኪናው ተጠርቶ ነበር» አልኋት።

ፊቷ ተለወጠ። «ማን ጠራው?»

«ፋብሪካው።»

«ጠሪውማ አንድ ነው። የጠራውም ልጄን ነው» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«እንደሱ አይደለም፣ እማ! ብልሽት ስላለበት ወደ ሙሳክ ይምጣ፣ ይጠገን ማለት ነው።»

ነጠላዋን ገለጠች። «ታዲያ ሄደ?»

«አላውቅም።»

«ጠይቃ!»

በማግስቱ የዚያን ዓይነት መኪና ወደሚጠግኑበት ሙሳክ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ቁጥሩን ኮምፒውተሯ ላይ አየችና «ቡጻ» አለች፤ ተሠርቷል። ወንድሜ ራሱ በበጋው አምጥቶት ኤርባጉ ተለውጧል። ሌላ ጥሪ የለበትም።

«ለማን ነው የምትጠይቀው፣ አሒ?» አለችኝ። አሒ ወንድሜ ማለት ነው። እዚህ ሁሉም ለሁሉም ይለዋል። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

አውቶቡስ ላይ እናቴን ምን እንደምላት አላወቅሁም። መኪናው ነጻ ከወጣ ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ነው። ልዋሻት አስቤም ነበር። ግን በሩን ስትከፍት ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሄዶ ነበር፣ እማ። አሠርቶታል።»

«ራሱ? ማንም ሳይጎተጉተው?»

«ራሱ።»

«እንግዲያ ለነፍሱ የሚሳሳ ልጅ ነበር» አለች። «በል፣ ይበር ነበር ላለው አጎትህ ደውልልኝ።»

እንዴት እዚያ እንደደረሰች አልገባኝም። እኔ ስለዚያ ዝናብ፣ ስለዚያ መንገድ፣ ምን ያህል ይነዳ እንደነበር አሁንም አላውቅም። እሷ ግን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ለአጎቴ እየጮኸች ትነግረው ነበር። አላቋረጥኋትም።