ጋሽ ሰይድ ያስተካከሏቸው ሰባት ክዳኖች

ሰሞኑን ዓለም ከተማ ሬንጅ ሬንጅ ትሸታለች። ከመናኸሪያው ቁልቁል ያለው መንገድ በአሮጌው ላይ አዲስ አስፋልት እየለበሰ ስለሆነ፣ ጠዋት በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ ይኸው ሽታ ነው። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ያማርራሉ። እኔ ግን፣ ለሰው ብናገር ይሳቅብኛል እንጂ፣ ቆም ብዬ እስኪበቃኝ አሸተዋለሁ። ሬንጅ ሲሸተኝ ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ጋሽ ሰይድ የሰፈራችን ግንበኛ ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ የካኪ ኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በሲሚንቶ የነጣ ሰው። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት በደፍ ሥራ ነበር። ከተማችን ተዳፋት ስለሚበዛባት ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ በየበሩ ይመጣል፤ ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ የበሩን ደፍ ከፍ አድርጎ ያስገነባል። ጋሽ ሰይድ የሠሩትን ደፍ ጎርፍ አልፎት አያውቅም ይባል ነበር።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግራ እግሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም፤ እስከ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ቤት የተመላለስኩት በእናቴ ጀርባ ነው። ሦስተኛ ክፍል ስገባ የእንጨት ክራንች አገኘሁ፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ጎማ ያለው፣ ብብቴ ሥር የሚገባው በጨርቅ የተጠቀለለ። በዚያ ክራንች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ትምህርት ቤት የሄድኩ ቀን የተሰማኝ ኩራት፣ በተመረቅኩ ቀን እንኳ አልተደገመም።

አስፋልት ከተማችን የገባው በዚያው ዓመት ነው። ዳምጠው ጠጠሩን ሲደፈጥጥ ለማየት ገበያተኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቆም ነበር። አስፋልቱ መንገዱን ከፍ ሲያደርገው በጠርዙ በኩል ያሉት የብረት የቱቦ ክዳኖች ጎድጉደው ቀሩ፤ እነሱን አንስቶ ከአዲሱ መንገድ እኩል የማድረጉ ሥራ ለጋሽ ሰይድ ተሰጠ። ጋሽ ሰይድም ሠሩት። ግን እንደለመዱት፣ እንደ ቤት ደፍ አድርገው ነው የሠሩት። ጎርፉ ደለል ይዞ ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ ብለው እያንዳንዱን ክዳን ከአስፋልቱ ሦስት ጣት ከፍ አደረጉት። ሰውም አይቶ "እጅዎ ይባረክ" አለ እንጂ፣ ይሄ ነገር እግር ይመታል ያለ አልነበረም።

ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ሰባት ክዳን አለ። መሀል መንገዱ የባጃጅ ስለሆነ እኔ የምሄደው ጠርዙን ይዤ፣ በክዳኖቹ በኩል ነው። ሦስተኛው ላይ የክራንቼ ጫፍ ተቀረቀረና በአገጬ ተደፋሁ። ተሰፋሁ። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ስቆጣ ይቀላል ይሉኛል ተማሪዎቼ።

የባሰው ግን እናቴ ያለችው ነው። "በቃ! ከእንግዲህ አዝዬ አደርስሻለሁ። እሱን ካልፈለግሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ" ብላ ክራንቼን አልጋ ሥር ከተተችው። በዘጠኝ ዓመቴ፣ የክፍሌ ልጆች እያዩ፣ በጀርባ! "ቤት እቀመጣለሁ" አልኳት። እልኸኛ ነበርኩ፤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ወሬውን የሰሙት ጋሽ ሰይድ መጡ። ዱካ ላይ ተቀምጠው አገጬን ትክ ብለው አዩት።

"ምን ጣለሽ ልጄ?"

"ክዳኑ።"

"ክዳኑ ምን ያድርግ፣ እኔ ነኝ የጣልኩሽ" አሉኝ።

አዋቂ ሰው ለልጅ ጥፋቱን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸውም ቀጠሉ፤ "እስቲ ክራንችሽን አውሺኝ።"

እናቴ ከአልጋው ሥር አወጣችላቸው። ያን ሁሉ ቁመት አጉብጠው፣ ክራንቼን ብብታቸው ሥር አስገብተው፣ አንድ እግራቸውን አንጠልጥለው ወደ መንገዱ ወጡ። ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። ሦስተኛው ክዳን ላይ ክራንቹ ያዛቸውና ሊወድቁ ሲሉ አጥር ይዘው ተረፉ። እሳቸው አልሳቁም። ክዳኑን ሲያዩት ቆዩና "ሰው የሚሄድበትን እንደ ቤት በር ሠራሁት፤ ወላሂ አላሰብኩትም" አሉ።

በማግስቱ መዶሻና ስኮርፔሎ የሚሉትን የግንበኛ መሮ ይዘው የገዛ ሥራቸውን ማፍረስ ጀመሩ። "ጋሽ ሰይድ፣ የራስዎን ግንብ እርስዎ ያፈርሱት?" እያለ የሚያሾፍ አልጠፋም። "ማጠንከሬ ነው ጉድ የሠራኝ" እያሉ ይፈለፍላሉ። ብረቱን ከነክፈፉ ዝቅ አድርገው መልሰው ይገነቡታል፤ መኪና ሲረግጠው እንዳይንቋቋ በክዳኑና በክፈፉ መሀል ያረጀ የመኪና ጎማ ቁራጭ ያስገባሉ። ከዚያ ውሃ ልካቸውን ያጋድሙና ወደ እኔ ዞር ብለው "ውሃ ልኩ ልክ ነው ይላል፤ ያንቺ ክራንችስ?" ይላሉ። የክራንቼን ጫፍ ከአስፋልቱ ወደ ብረቱ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። ከያዘ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ እንደገና ያነሱታል። አምስተኛውን ሦስት ጊዜ አነሱት። እኔው ሰልችቶኝ "ይሁን ጋሼ፣ ይበቃል" ብላቸው "ዝናብ ሲሆንስ?" አሉኝ። ሲስማማን ብቻ እርጥብ ጆንያ አልብሰው፣ ዙሪያውን እሾህ ያጥሩበታል።

ስድስተኛው፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ያለው፣ ክፈፉ ተሰንጥቆ ስለነበር አልነቀልም አላቸው። ክራንቼ እንዳይቀረቀር ዙሪያውን በሲሚንቶ ተዳፋት አድርገው ነጭ ቀለም ቀቡልኝ። "ይሄን አመለኛ ከሩቅ እያየሽ እለፊ" አሉኝ።

ሥራው ያለቀና የደረቀ ዕለት እናቴ ክራንቼን በእጄ ሰጠችኝ። ግን የምታዝልበትን ነጠላ ይዛ ከኋላዬ መጣች። አንዱን አለፍኩ፣ ሦስተኛውን አለፍኩ፣ አመለኛውንም አለፍኩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሼ ዞር ስል፣ ነጠላውን አጣጥፋ ይዛ ወደ ቤት እየተመለሰች ነበር። ከዚያ ወዲህ አዝላኝ አታውቅም።

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። በሕይወት ሳሉ ጠጋ ብዬ አላመሰገንኳቸውም፤ ይቆጨኛል። ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እዚያ የደረስኩት እሳቸው ባስተካከሉልኝ መንገድ ነው። አላህ ይዘንላቸው።

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ሦስተኛው ክዳን ጋ አንዲት የመንገድ ሠራተኛ በሻሿ ላይ የሥራ ቆብ ደርባ ተንበርክካለች። ክዳኑን ከአዲሱ አስፋልት ጋር ልታስተካክል ነቅላዋለች። ከውስጡ ያወጣችውን የጎማ ቁራጭ እያገላበጠች "ይሄን ደግሞ ማን ከተተው?" አለች።

"የሚያስብልኝ ሰው" አልኳት።

ገንብታ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ውሃ ልኳን አይታ ቀና ስትል፣ የመብራት ምሰሶውን ተደግፌ ክራንቼን ዘረጋሁላት። "እስቲ በዚህ ሞክሪው።"

ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ክራንቼን ብብቷ ሥር አስገባች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ጫፉን ወደ ብረቱ ገፋችው። ያዛት።

"ኧረ ይቀረዋል" አለች። ክራንቼን መለሰችልኝና እርጥቡን ሲሚንቶ መፈንቀል ጀመረች።