የምድጃው ንፋስ

የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሽ ምድጃ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ዕድሜያቸውን ብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከማቅለጫው ምድጃ አፍ ፊት ቆመው፣ የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ እየጠቀለሉ ሲያወጡ ኖሩ። እሳቱም ውለታቸውን አልረሳም፤ ጡረታ ሲወጡ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን በሞራ ጋርዶ ሸኛቸው።

ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሣል ብሏል። እሳቸው ግን በጄ አላሉም። ፈርተው አይደለም፤ የሰው ቃል ማመን አቅቷቸው ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቤት ውስጥ ወሬ ሁሉ ማር እየተቀባ ይቀርብላቸው ጀመር። አንድ ቀን ባለቤታቸው ኮትህ ዛሬም አዲስ ይመስላል ሲሏቸው፣ ጋሽ ምድጃ በጣታቸው ዳበሱና ክርኑ ላይ ቀዳዳ አገኙ። የኮቱ ነገር እንዲህ ከሆነ የዓይኑስ? ከዚያ በኋላ ትድናለህ በተባሉ ቁጥር «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ይሉ ነበር።

ሴት ልጃቸው እዚያው ፋብሪካ መሐንዲስ ናት። ከምድጃው የሚባክነውን ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያደርጉ ሴሎች ከምድጃው በር ትይዩ ተክላለች። ጣሪያ ላይ እንዳለው የፀሐይ ፓነል ናቸው፤ እነዚህ ግን የሚቀበሉት ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን የእሳት ብርሃን ነው ብላ አስረዳቻቸው። ዓይናቸውን የጎዳውም እሱው መሆኑን አልደበቀቻቸውም። ከሴሎቹ ጋር ያገናኘችው አምፖል በራ ብላ እየሮጠች የመጣች ዕለት ግን ለአፍ ያህል «እሰይ የኔ ልጅ» አሏት። ድምፅዋ ቅዝቅዝ ሲል ሰሙና አዘኑላት። ግን ምን ያድርጉ፣ እምነት በግድ አይመጣ።

አንድ ጠዋት እጃቸውን ይዛ ፋብሪካ ወሰደቻቸውና ከምድጃው ጎን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሙቀቱን ፊታቸው ገና ከሩቅ አውቆታል። ድንገት አንገታቸው ላይ ቀዝቃዛ አየር ነፈሰ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቬንቲሌተር ነው አባዬ። አምፖሉን ነቅዬ እሱን አስገባሁበት።»

ጋሽ ምድጃ እንዲህ በቀላሉ የሚታለሉ ሰው አይደሉም። እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ፤ የበሩ ሰንሰለት የት እንደሚንጠለጠል እጃቸው አልረሳም። ሳቡና የምድጃውን በር ዘጉ። ንፋሱ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ከፈቱት፤ ንፋሱ ተመለሰ። ደግመው ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ሠራተኞቹ ሥራ ፈታን ብለው አጉረመረሙ፤ ማን ሰምቷቸው።

በመጨረሻ ሰንሰለቱን ለቀቁና የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ።

«ያ ሐኪም ምን ነበር ያለው?» አሏት። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ።»