የገበሬው ፊት

ልጄ ኮምፒውተር ላይ ጌም ስትጨርስ፣ የጌሙን ተራራና የፈረሰ ከተማ አስቀድመው በእርሳስ ያሰቡት ሰዎች ስም መውረድ ይጀምራል። እሷ አንድ ቁልፍ ተጭና ታባርራቸዋለች።

«ተይ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ ይመጣል።

«አባዬ ደግሞ፣ ይሄን ማን ያነበዋል?»

እኔ አነበዋለሁ። እንዲህ በእርሳስ የሚያስብ ሰው በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ አውቅ ነበር።

ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል፣ ግድግዳ የሚያክል የ«ነገዋ ናዝሬት» ሥዕል አዘዘ። ነዳፊው ጋሼ የምላቸው ጎልማሳ ነበሩ። ከሞጆ ወዲያ ሄደው አያውቁም፤ ግን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ከተማ ይቆረቁራሉ፤ የመቂን ሽንኩርት እንኳ ጎጆ አሳክለው ነው የሚያበቅሉት። እኔ ንድፋቸውን በካሬ ከፋፍዬ አቡጀዲ ላይ አጎላዋለሁ።

የካሬ ሥራ ጉዱ፣ የምትስለውን አታየውም። ጠዋት ግማሽ ጆሮ፣ ከሰዓት አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ። ትራክተር የሚነዳውን ገበሬ ሳምንት ሙሉ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ እንዲያ ቀባሁት። የበዓሉ ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ ወርጄ፣ እስከ በሩ ወደ ኋላ ሄጄ ቀና ስል ፊቱን አወቅሁት። ገበሬው የጋሼ ታናሽ ወንድም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት ተወስዶ፣ በኋላ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» የተባለለት። እናቱ ለቅሶ እንዳይቀመጡ እንኳ ተከልክለዋል።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው ያመጡብን? ያልቅልናል እኮ! ጢም ልጨምርበት?»

«ወንድሜ ጢም አልነበረውም» አሉ ብሩሽ እያጠቡ።

ብሩሹን ነጥቄ መሰላሉን መውጣት ስጀምር በሩ ተከፈተ። ሆዱ ከሽጉጡ የሚቀድመው ሊቀመንበራችን ገባ፤ ከኋላው ከበላይ አካል የመጣ እንግዳ። ሊቀመንበሩ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ስለሆነ ወንድምየውን አያውቀውም። እንግዳው ግን ሥዕሉ ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ይሄን ፊት የት ነው የማውቀው?»

ብሩሹን ከኋላዬ ደበቅሁት።

«ማነው ያሰበው?»

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመዱ አየሁ። አፋቸውን ከፈቱ። ሊቀመንበሩ ቀደማቸው።

«እኔ ነኝ ጓድ! ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የኔ ሐሳብ ነው። እነዚህ ቀቢዎች ናቸው።»

እንግዳው አንዴ ሊቀመንበሩን፣ አንዴ ገበሬውን አየ። ሳቀ።

«ለካ ራስህን ነው ያሳልከው! አገጩ ቁርጥ አንተን!»

ሊቀመንበሩ አገጩን ዳበሰ፤ ደስ አለው። ሥዕሉን ማንም እንዳይነካ ትእዛዝ ሰጠ።

የጋሼ ስም የትም አልተጻፈም፤ በሕይወት የቆዩትም ስላልተጻፈ ነው። እኔም ለምጄ ይሆናል፣ ዛሬም አልጽፈውም።

የቀበሌ ስብሰባ እንደ ወባ ይሸሹ የነበሩት እናታቸው ግን ከዚያ በዓል ወዲህ አንድም ቀን አልቀሩም። ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ልክ ከገበሬው ሥር ተቀምጠው ቀና ብለው ያዩታል። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ «የነቁ እናት!» ብሎ አስነሥቶ አስጨበጨበላቸው። ያን ጊዜ ነው ነጠላቸውን ያየሁት፤ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀውታል፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ሌላ ሰው እንዳያየው፣ ሁሉም ዞሮ እኔን እንዲያይ፣ መዳፌ እስኪላጥ አጨበጨብኩ።