የካፒቴኑ ስንብት በቡና መጋዘን

የወሰዱኝ ከገበያ ነው። ኮረሪማዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ ሁለት ታጣቂዎች መጡና “ተነሺ” አሉኝ። “ሸቀጤን ማን ይጠብቅልኛል?” ብል አንደኛው ጆንያውን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ “መንግሥት” አለኝ። ዘወር ስል የመደብ ጎረቤቴ ጆንያውን ወደ ራሷ ስትጎትት አየኋት።

ጥፋቴን አውቀዋለሁ። የገበያው መደብ ሲታደል የሹም ዘመድ ሁሉ ጥላ ያለበትን ወሰደ፤ ለሌላው ውሃ የሚተኛበት ተሰጠው። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ “ዕጣ ይውጣ” አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገርኩም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመቱ ነበር። ሰዉ የትኛው ንግግር እንደሚያሳስር ገና እየተማረ ነበር፤ እኔ ዘግይቼ ተማርኩ።

የፖሊስ ጣቢያው ሞልቷል ተብሎ ያስገቡኝ ከቴፒ ዳር ያለ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የደረቀ የቡና ገለባ፣ እርጥብ ጆንያ፣ የሰው ላብ። ከዚያ ዓይኖች። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ባለው ክፍተት ነበር። ሴቶች ሦስት ብቻ ስለሆንን ጥግ ላይ ጆንያ ተሰቅሎ ተከልሎልናል። የምቀመጥበትን ስፈልግ ከወንዶቹ በኩል አንድ ድምፅ “ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ፣ እትዬ። እዚያ ጋ ጣሪያው ያፈሳል” አለኝ።

ካፒቴኑ ነበሩ። በከተማው ሁላችንም “ካፒቴን” እንላቸዋለን፤ ማዕረጋቸው ያ አልነበረም። መጀመሪያ መጀመሪያ ያርሙን ነበር፣ ኋላ ተዉት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እንኳ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥመው የሚያጥፉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በባሕር ኃይል አገልግለው፣ የድሮው ጦር ሲበተን እኅታቸው ትታላቸው በሞተችው የቡና መሬት ላይ ተቀመጡ። ከተማው ውስጥ ጠጠር በተወረወረ ቁጥር “የድሮው ሥርዓት ሰው” ተብለው መጀመሪያ የሚያዙት እሳቸው ናቸው።

መጋዘኑ ሁላችንንም አንድ ላይ አያስተኛም። ከእኔ መምጣት በፊት ጉልበት ያለው ይተኛል፣ ደካማው ቆሞ ያድራል ነበር አሉ። ካፒቴኑ ነገሩን እንደ መርከብ አደረጉት። ሰዉን ከሦስት ከፈሉት፤ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ይቆማል። ከቆሙት አንዱ ደግሞ ተረኛ ይባላል። የውሃውን በርሜል ይጠብቃል፣ ለእያንዳንዱ በአንድ የቲማቲም ጣሳ እኩል ይቀዳል። ተረኛው እስኪለወጥ ድረስ አዛዥ ነው፤ ካፒቴኑ ራሳቸው ውሃ ሲፈልጉ እሱን አስፈቅደው ነው የሚጠጡት።

ይህን ወደድኩት። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝና በማግሥቱ “ለምንድነው ሴቶች ተረኛ የማይሆኑት?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“እንዳላደክማችሁ ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ።”

“ጆንያ ተሸክሜ ገበያ የምወጣበት እግር ነው ይሄ። ውሃው እኩል ከሆነ ሥራውም እኩል ይሁን።”

“ስህተቴ ነው” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ተረኛ ሆንኩ።

አብሮን የታሰረ አንድ የቡና መኪና ሾፌር ነበር፤ አገሩ ሚዛን ተፈሪ፣ አፉ የማያርፍ። ያለ ፈቃድ ሰው ጫንክ ብለው ነው ያመጡት። የዝናቡ ጩኸት ጋብ ባለ ቁጥር ካፒቴኑን ይነካካል።

“ማዘር፣ እኚህ ሰውዬ ባሕር ጠፍቶባቸው ቴፒ ድረስ ሊፈልጉት መጡልሽ።”

“ባሕሩ እዚያው ነው” አሉ ካፒቴኑ። “የሄድነው እኛ ነን።”

“እና አሁን መርከብዎን በቆ ወንዝ ላይ ሊያንሳፍፉ ነው?”

“አንተን ለማስጠም በቆም ይበቃል። ዋና አትችል።”

ሰዉ ሳቀ። ሾፌሩም አብሮ ሳቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባሕር ኃይሉ ነገር ስላሳሰበኝ “ለመሆኑ ጡረታ ወጡ ወይስ አባረሩዎት?” አልኳቸው።

“አንዱም አልሆነ” አሉ። ከዚያ በፊት ስለ ራሳቸው ብዙ ሲናገሩ አልሰማሁም ነበር። “የገባሁት በተራ ባሕርተኛነት ነው። ዝገት ፋቂ፣ ድስት አጣቢ። ደረጃ በደረጃ ወጣሁ፤ መኮንን ያደረጉኝ ፀጉሬ ሲሸብት ነው። አንድ መኮንን አገልግሎቱን ጨርሶ ከመርከብ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርድ ወግ አለው። መጀመሪያ ተረኛውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተረኛው በማዕረግ የቱንም ያህል ቢያንስ ይጠይቀዋል። ከዚያ ባሕርተኞቹ መሰላሉ ጋ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፣ አንዱ ረጅም ፉጨት ይነፋል፣ እሱ በመሃላቸው ያልፋል። እኔ ተሰልፌ ስንቱን አሳልፌያለሁ። አንድ ቀን እኔም በዚህ መሃል አልፋለሁ እያልኩ።”

“እና?”

“እና ምጽዋ ስትያዝ ያ ቀን መጣና በገመድ ወረድኩ። ጫማ አልነበረኝም። ፈቃድ የሚጠየቅም ሰው አልቀረም። መበተናችንን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ ኋላ ከሰበሰቡን ካምፕ የሸኙን ደግሞ ስንዴ ሰፍረው ነው።” ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው “ስለዚህ በደንቡ ከሄድን፣ እኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ” አሉ።



በዚያው ሰሞን የጥበቃው ኃላፊ በር ላይ ጠራኝ። ልጄ የምትኖረው ሚዛን ተፈሪ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፣ ወሯም ገብቷል። እናት በመጀመሪያው ምጥ አጠገብ ካልሆነች ማን ይሆናል? ይህን ሁሉ ሳልነግረው ያውቃል። ምግብ የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ለምናው ይሆናል።

“አርብ ትወጫለሽ” አለኝ። “እስከዚያ ግን ያንን አፍሽን ያዥ። አንድ ነገር ብሰማ፣ አርብ የሚባል የለም።”

“እሺ” አልኩ። እውነቴን ነበር።

ለአርብ ጥቂት ቀን ሲቀር አንድ ጠዋት ቆጮ ያመጣው ጠባቂ “ዛሬ ካፒቴኑ ይሄዳሉ” ብሎ ሹክ አለን። ወዴት እንደሆነ አልነገረንም። ይፈቱ፣ ይዛወሩ፣ ሌላ ይሁን፣ አላወቀም ወይም ሊናገር አልፈለገም። ሰው ሲወሰድ ደንብ ነበረው። ስሙ ሲጠራ የቀረነው ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን፣ አቀርቅረን እንቀመጣለን። የተጠራው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። መነጋገር የለም። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ለወንድሙ እጁን ቢያወዛውዝ ዱላ ክንዱን ሰብሮታል፤ እዚያው ከእኛ ጋር በጨርቅ አስሮት ተቀምጧል።

ያ ቀን አልመሽ አለ። ዝናቡ መጣ፣ ቆመ፣ እንደገና መጣ። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ሰዉ ሁሉ አንገቱን ያነሣል። ጭቃ ውስጥ ጎማ ሲሽከረከር እሰማለሁ፤ መኪናው ያልፋል። ካፒቴኑ ጋቢያቸውን አጠፉ፣ ፈቱ፣ መልሰው አጠፉ። ሾፌሩም ቀልዱን ተወ፤ እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር አልነበረም። እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ ጣሳውን ይዤ በርሜሉ ጋ ቆሜያለሁ። በልቤ የምለው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ተረኛ ሳለሁ አይምጡ።

መጡ። ሞተሩ በር ላይ ቆመ። ኃላፊው ገባና ስማቸውን ጠራ። ሁላችንም ተቀመጥን፤ እኔም ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የካፒቴኑን እርምጃ በጀርባዬ እሰማለሁ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

“ተረኛ!” አሉ፤ ያን ድምፃቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። “ለመውረድ ፈቃድ እጠይቃለሁ።”

ጥያቄው ለእኔ ነው።

አርብን አሰብኩ። ልጄ ወገቧን ይዛ ቤት ውስጥ ስትመላለስ ታየችኝ። ቁጭ ብዬ ዝም ብል ማንም አይፈርድብኝም፤ እሳቸውም አይፈርዱብኝም። ግን ተረኛ ካላደረጋችሁኝ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ውሃ ለመቅዳት ተረኛ፣ ለዚህ ጊዜ አሮጊት ልሆን ነው? ጣሳውን እንደያዝኩ ተነሣሁ። ተረኛው ምን ብሎ እንደሚመልስ አልነገሩንም ነበርና የመጣልኝን አልኩ።

“ተፈቅዷል። አገልግሎትዎን ጨርሰዋል፣ ጌታዬ። በሰላም ይውረዱ።”

ከኋላዬ ሾፌሩ ተነሣ። ከዚያ ክንዱ የተሰበረው። ከዚያ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አላየሁም። ሰልፍ የምናውቅ አልነበርንም፤ አንዱ ሌላውን ረገጠ፣ አንዱ ፊቱን ገና ከግድግዳው ሳያዞር ቆመ፣ በግራ በዛን፣ በቀኝ አነስን። ሾፌሩ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ አግብቶ ረጅም ፉጨት ለቀቀ። ይህን ጊዜ ከእኛ ከሴቶቹ አንዷ፣ ጠጅ ሻጯ፣ ሽኝት ያለ እልልታ ምን ሽኝት ነው ብላ ነው መሰል፣ እልልታዋን አቀለጠችው።

ካፒቴኑ እጃቸውን ከኋላቸው ፈትተው ሰላምታ ሰጡ። አንገታቸውን ቀና አድርገው በመሃላችን አለፉ፤ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ። ኃላፊው እንኳ መንገድ ለቀቀላቸው። ምን እያየ እንደሆነ የገባው መኪናው ከተነሣ በኋላ ይመስለኛል። ያኔ ሾፌሩን በሰደፍ አፉን መታው። ወደ እኔ ዞሮ “አንቺ ሴትዮ፣ አርብን እርሺው” አለኝ።

“ሰምቻለሁ፣ ልጄ” አልኩት። ጣሳውን ለቀጣዩ ተረኛ አስረከብኩ።

የልጄን መገላገል የሰማሁት በበሩ ስንጥቅ ነው። ጎረቤቴ ጎደሬ ይዛ መጥታ “ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው” አለችኝ። ምጡ ሁለት ቀን እንደቆየና ልጄ ደም ፈስሷት እንደነበር የነገረችኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። የወጣሁት ሕፃኗ መሳቅ ከጀመረች በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሳቅፋት አላወቀችኝም፣ አለቀሰች።

ካፒቴኑ ከዓመት በላይ ቆይተው፣ ከስተው፣ በአንድ ጆሯቸው መስማት ተስኗቸው ተመለሱ። የወሰዷቸው ወደ ሌላ እስር ቤት ነበር። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አንሥተውልኛል፤ “እልልታው በደንቡ ውስጥ የለም፣ እትዬ” ብለው። የጡረታ ደመወዝ ሳያዩ ቡናቸውን ሲለቅሙ ኖረው ሞቱ። ሲጠይቋቸው ግን “ጡረታ ወጥቻለሁ” ይሉ ነበር።

ልጄ አሁን ሦስት ወልዳለች። ሲከፋት ታነሣዋለች፦ “በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ ነበር። አንቺ ግን ለሰው አባት ቆምሽ።” እውነቷን ነው፤ መሞት ትችል ነበር፣ እኔም አልነበርኩም። ዛሬ ያው ጥያቄ ቢቀርብልኝ ደግሞ እነሣለሁ፤ ይህንንም እሷ ታውቃለች። አላስታረቅነውም። እሁድ እሁድ ከሚዛን ትመጣለች፣ አንድ ገበታ ቀርበን እንበላለን፣ ልጆቿንም እኩል አድርጌ አጎርሳለሁ።